ለልጆች ቀለም በጀት የለም ላላችሁን ኃላፊዎች፦ ከባሕር ዳር ሠዓሊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በባሕር ዳር ከተማ የትምህርት፣ የባህልና የበጀት ሥራ ለሚመለከታችሁ የተከበራችሁ ኃላፊዎች

እንደምን ሰነበታችሁ?

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባነው መልስ ስላላገኘ ነው። ጭራሽ ዝም ተባልን ማለቴ አይደለም። በቃል፣ ያውም ደረጃ ላይ ቆመን፣ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ለቀለም የሚሆን በጀት የለም» ተብለናል። ዘንድሮ ይጀመራል ተብሎ የነበረው የትምህርት ቤቶች የሥዕል ሥራ ከዕቅድ መውጣቱን የሰማነውም እንዲሁ በወሬ ነው። ማን አወጣው? ለምን ወጣ? በጽሑፍ የሚነግረን አላገኘንም። የማንንም ስም አልጠራም። ፋይሉ በእጁ ያለፈ ሰው ራሱን ያውቃል።

እኛን ለማታውቁን፦ ባሕር ዳር የምንኖር ጥቂት ሠዓሊዎች ነን። ታፔላና የሱቅ ግድግዳ እየሳለ የሚኖር አለ፤ ለቱሪስት የሚሸጥ ሥዕል የሚሠራ አለ (ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ እሱም ታፔላ ጀምሯል)፤ መምህራንም አሉበት። የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንሄዳለን። ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ስለ ሰፈራቸው፣ ስለ ሐይቁ፣ በመንገድ ስለሚያዩት ነገር እናወራለን። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይሞክራሉ፣ ከዚያ ራሳቸው የመረጡትን ግድግዳ ላይ አብረን እናወጣዋለን። መሰላል የሚፈልገውን እኛ፣ እጃቸው የሚደርስበትን እነሱ። እስካሁን የሠራነው ከኪሳችን አውጥተንና ወላጆች አዋጥተው ነው። ከዚህ በኋላ በዚህ መንገድ መቀጠል አንችልም፤ የቀለም ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆኗል።

ቅሬታችንን አንድ በአንድ ልናገር።

መጀመሪያ ስለ ትምህርቱ ራሱ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል፣ ሙዚቃን፣ ቴአትርንና ሥዕልን የያዘ ትምህርት አለ። መጽሐፍ አለው፣ ክፍለ ጊዜ አለው፣ ካርድ ላይ ውጤት ይሞላለታል። የሚሠራበት ዕቃ ግን የለውም። እኛ በምንሄድባቸው ትምህርት ቤቶች ይህን ትምህርት የሚይዘው ክፍለ ጊዜ የጎደለው መምህር ነው። የስፖርት መምህሩ ወይ የአማርኛ መምህርቷ «ይቺንም ጨምሪባት» ትባላለች፣ ትጨምራለች። መምህራኑ ላይ አልፈርድም። አንዷ ስለ ቀለም ስታስተምር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። ሰሌዳው ጥቁር፣ ጠመኔው ነጭ። «ሰማያዊና ቢጫ ሲቀላቀሉ አረንጓዴ ይሰጣሉ» ብላ ጻፈች፤ ልጆቹ ገለበጡ፤ ፈተና ላይ ወጣ፤ አብዛኞቹ አገኙት። ሲቀላቀል ያየ ግን አንድም ልጅ አልነበረም። እኛ ሄደን በባሊ ክዳን ላይ ሁለቱን ቀለሞች ስናማስላቸው አንድ ልጅ አረንጓዴውን የት ደብቄ እንዳመጣሁት ለማየት እጅጌዬን ፈተሸ። «ቲቸር፣ እውነት ከነዚህ ነው የወጣ?» አለኝ። ያውም ፈተናውን ደፍኖ ያለፈ ልጅ ነው!

ሌላም አለ። ሥዕል ሳሉ ሲባሉ ጣና ዳር ተወልደው ያደጉ ልጆች ሁለት ተራራ ይስላሉ፣ በመሀላቸው የምትወጣ ፀሐይ፣ ከሥር ቤትና ጠመዝማዛ መንገድ። ሁሉም። ሐይቁ ከክፍላቸው መስኮት ይታያል እኮ። ያቺን ሥዕል ከታላቅ ወንድም ደብተር ላይ ወርሰዋት ነው፤ ሌላ አሳይቷቸው የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የባሕር ዳር ክረምትም የታወቀ ነው፤ ሰኔ ላይ ይገባል፣ እስከ መስከረም አይለቅም። ግድግዳ ደግሞ የሚሳለው በደረቅ ነው። ልስኑ ውሃ ከጠጣ ቀለሙ ለጊዜው የያዘ ይመስልና ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቁስል ቅርፊት ይነሳል። ስለዚህ የኛ የሥራ ወቅት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ ቢለጠጥ ግንቦት አጋማሽ ነው። ልጆቹም የሚገኙት ያኔ ነው።

አሁን የናንተን አሠራር ተመልከቱት። ጥቅምት ላይ ስንመጣ «በጀቱ ገና አልተለቀቀም» ይባላል። ጥር ላይ «ቅድሚያ የሚሰጣቸው አሉ» ይባላል። ሚያዝያ ላይ ፋይሉ «እየታየ ነው»። ያለፈው ሰኔ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ስልክ ተደወለልን፦ ትንሽ ገንዘብ ተርፏል፣ እስከ 30 ካልወጣ ተመላሽ ይሆናል፣ ቶሎ ፕሮፎርማ ይዛችሁ ኑ። ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው። ግድግዳው ርሷል። እሺ፣ ቀለሙን አሁን ገዝተን እናስቀምጠውና ጥቅምት ላይ እንሥራው አልን። አይቻልም፣ ሥራው ተሠርቶ ርክክብ ካልተፈጸመ ክፍያ አይወራረድም ተባልን። ስለዚህ አንችልም አልን። ምን ሆነ መሰላችሁ? ያ «አንችልም» ዘንድሮ «ገንዘብ ተሰጥቷቸው ያልተጠቀሙ» ተብሎ ተቆጠረብን። ከዕቅድ ለመውጣታችን አንዱ ምክንያት እሱ ነው አሉ። በወሬ የሰማነው ስለሆነ ካልሆነ አስተባብሉን፤ ደስ ይለናል።

ስለ ፕሮፎርማው ካነሳሁ አይቀር፣ የሦስት አቅራቢ ዋጋ አምጡ የሚለው መመሪያ ኳርትዝ ለሚባለው የግድግዳ ቀለም አይከብድም፤ የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል። ለሠዓሊ ብሩሽና ለአክሬሊክ ቀለም ግን የቫት ደረሰኝ የሚሰጥ ሦስት ሱቅ እዚህ ከየት ይምጣ? እኛ የምናስመጣው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው ከአዲስ አበባ ነው፤ ያውም መንገዱ ሰላም ሲሆንና የሚያመጣልን ሰው ሲገኝ።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ የለም የሚለውን ነገር እንነጋገርበት። አለ። ባነር ላይ አለ።

የአንድ ቀን መድረክ ሲዘጋጅ አዳራሹ በር ላይ አንድ ባነር ይሰቀላል፣ ከመድረኩ ጀርባ አንድ፣ አጥሩ ላይ አንድ፣ አንዳንዴ አስፋልቱን አቋርጦ ሌላ ትልቅ። ቀን ስለተጻፈበት በማግስቱ አያገለግልም። ተጠቅልሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል፣ ወይ የዘበኛ ቤት ጣሪያ ይሆናል። ይሄን ከየት አወቅህ ካላችሁኝ፣ ልጆቻችን የሚስሉት ጀርባው ላይ ስለሆነ ነው። ሸራ መግዛት ሲያቅተን ያረጀ ባነር እየለመንን ነው የምንሠራው። ባነር ደግሞ አስቸጋሪ ነገር ነው፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀለም አይቀበልም። ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግ ታደርገዋለህ፣ በሳሙና ታጥበዋለህ፣ በደንብ ሲደርቅ ነጭ ኳርትዝ በስሱ ሁለት ጊዜ ትቀባዋለህ፣ ያኔ እሺ ይላል። ከታጠፈ ግን ይሰነጠቃል፤ ተዘርግቶ መቀመጥ አለበት። የአራተኛ ክፍል ልጆች ጉማሬ የሳሉበትን ሸራ ገልብጣችሁ ብታዩት «የግማሽ ዓመት ዕቅድ አፈጻጸም ግምገማ» ይላል። ጉማሬው ያምራል፣ መጥታችሁ እዩት።

ባነር አታሚው ይከፈለዋል። የድምፅ መሣሪያ ያከራየው ይከፈለዋል። የታሸገ ውሃ ያቀረበው፣ አዳራሹ፣ አበሉ፣ ሁሉም ይከፈላል፤ መከፈልም አለበት። ተራው ሠዓሊው ጋ ሲደርስ «ለልጆች እኮ ነው፣ ነፃ አገልግሎት አድርጉት» ይመጣል። ለልጆች መሆኑን እናውቃለን፤ ለዚህ ነው እስካሁን በነፃ የሠራነው። አከራያችን ግን ይሄን ምክንያት አይቀበልም።

የምንጠይቀው ስንት እንደሆነ እንድታውቁት፦ 30 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ቁመት ያለው የተለሰነ አጥር 60 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር ደህና የውጭ ቀለም አንድ ዙር ሲቀባ 8 ካሬ ያህል ይሸፍናል ብንል፣ ለሁለት ዙር መደብ 15 ሊትር ነጭ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚሄዱት ቀለማት ከዚህ ያነሱ ናቸው። ብሩሽ፣ ሩሎ፣ ስቱኮና የብርጭቆ ወረቀት ጨምሩበት። ይሄ ለአንድ ትምህርት ቤት ነው። አስሉትና ከአንድ መድረክ ወጪ ጋር አስተያዩት።

አራተኛው ባለፈው ዓመት የተፈጸመብን ነው። አስፋልት ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል ልጆች አጥሩ ላይ ጣናን ሳሉ። ቀረሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ደንገል የጫነች ታንኳ አለች፣ ዳር ዳሩን እምቦጭ። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሐይቁን የወረረው አረም መሆኑን ልጆቹ በደንብ ያውቃሉ፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ የሆነ ልጅ መረቡ እንዴት እንደሚያዝ ሲያስረዳ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ብሎ ነው የሰማው። ችግሩ አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። አንዲት ልጅ «እንዲህ አምሮ ከተሳለ ሰው ጥሩ ነገር ይመስለዋል» ብላ ተከራከረች። ከኛ መካከል የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያጠና ጓደኛ አለ፤ በድሮ ሥዕሎቻችን ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሳል ነገራቸው። በቃ። በሚቀጥለው ቀን እያንዳንዱ የእምቦጭ አበባ አንድ አንድ ዓይን በቅሎበት ነበር። እኔ የማስበው ነገር አልነበረም፤ የልጆቹ ነው።

ያ ሥዕል ብዙ ሳይቆይ አንድ ቀን ጠዋት ነጭ ሆኖ ተገኘ። ትልቅ እንግዳ በዚያ መንገድ ያልፋል ተብሎ ሁለት ሰዎች ሩሎ ይዘው በሌሊት መጥተው ቀቡት። ርዕሰ መምህሩ አልተጠየቀም፤ ያወቀው እንደ ልጆቹ በር ላይ ሲደርስ ነው። ወላጆችም አልተጠየቁም። ስንጠይቅ «አጥር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ ለከተማ ገጽታ» ተባልን። የመጣው እንግዳ በመኪና አለፈ፣ መስታወቱ ዝግ ነበር። ነጩ ስስ ስለነበር ደግሞ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ የአምባዛው ጢምና የእምቦጩ ዓይን ከሥር ብቅ ብቅ ብሏል፤ ስለዚህ አሁን ሥዕልም አይደለም፣ ንጹሕ አጥርም አይደለም።

የኔ ጥያቄ አጭር ነው። ለልጆቹ ቀለም በጀት ከሌለ፣ ሥዕላቸውን ለማጥፊያ የዋለው ቀለም ከየትኛው በጀት ወጣ?

ስለ አርማና መፈክርም ትንሽ ልበል። እሺ ተብለን በነበረባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች ቅድመ ሁኔታው የመሥሪያ ቤቱ አርማ ከላይ በትልቁ ይግባ፣ መፈክርም ይጻፍ የሚል ነበር። ጣና ውስጥ ባለው ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ያሠሩት፣ ያስሳሉት እሳቸው ናቸው፤ በሥዕሉ ላይም አሉበት። የት ናቸው? ከእመቤታችን እግር ሥር፣ በግንባራቸው ተደፍተው። እኛ ተደፉ አላልንም፤ ከታች ጥግ ላይ በትንሹ ይሁን ነው ያልነው። አልተስማማንም።

ስለ ጣና ገዳማት ስናነሳ፣ እንግዳ ሲመጣ በጀልባ ወስዳችሁ የምታሳዩት ምንድን ነው? ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ መቅደሱን ዙሪያውን የሸፈነውን ሥዕል ያየ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚወጣው። ሸማ በጭቃው ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ እሱ ላይ ነው የሳሉት። በራሪ ወረቀቱም፣ የዓውደ ርዕይ ፖስተሩም፣ የሆቴል ሎቢውም በዚያ ሥዕል ነው የሚያጌጠው። ከምናስተምራቸው ልጆች ግን ዘጌን ያየ በጣት የሚቆጠር ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው እኮ! አባቱ ጀልባ የሚነዳ ልጅ እንኳ አላየውም፤ ወንበሩ የእንግዳ ነዋ።

«ዴስክ በሌለበት ሥዕል ምን ያደርጋል?» የምትሉንም አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በአንድ ዴስክ አራት ሆነው የሚቀመጡ ልጆች እናውቃለን፣ ውሃ የሌለበት ትምህርት ቤትም እናውቃለን። እኛ የጠየቅነው የዴስኩን ገንዘብ አይደለም፤ የባነሩን ነው። በትምህርት ለትውልድ ንቅናቄ ወላጅ አዋጥቶ ብሎኬት ቆሟል፣ ተለስኗል። ግድግዳው አለ፣ ባዶውን ነው የቆመው። ደግሞም በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ ለናንተ አይነገርም። ከሌላ ወረዳ ተፈናቅለው መጥተው እዚህ ዘመድ ጋ ተጠግተው የሚማሩ ልጆች በየክፍሉ አሉ። ሰፈራችሁን ሳሉ ስንላቸው «የትኛውን? የዱሮውን ወይስ የአሁኑን?» ይሉናል። ሁለቱንም ይስላሉ፤ ለዱሮው ሰፊውን ቦታ ይሰጡታል። ይሄን ትርፍ ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ክፍለ ጊዜ አብሮን ይቀመጥ።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይኸው ነው።

ለደብዳቤያችን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይሰጠን። እምቢም ከሆነ እምቢ ተብሎ፣ ምክንያቱ ተጽፎ፣ ማህተም አርፎበት። ሥራው ከዕቅድ የወጣበት ቃለ ጉባኤ ካለ ይታይልን።

ሐምሌ ሳይገባ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲዘጋጅ ለክወናና እይታ ጥበባት መሥሪያ ዕቃ ራሱን የቻለ የበጀት መደብ ይያዝ። በጥቂት ትምህርት ቤቶች መጀመር ይቻላል፤ ከአስፋልት የራቁት ይቅደሙ። ገንዘቡ በጥቅምት ይለቀቅ። ካልሆነም ቀለሙን በዓይነት ገዝታችሁ ለትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል አስረክቡት፤ ገንዘቡ በኛ እጅ እንዲያልፍ አንፈልግም። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱ ይቆጣጠረው። በከተማው ሦስት አቅራቢ ለማይገኝለት ዕቃም በአንድ አቅራቢ የሚገዛበት መንገድ ይፈለግ።

ለሠዓሊዎቹ የቀን ክፍያ ይታሰብ። መጠኑን እናንተው አውጡ፤ ለግድግዳ ቀቢ ከምትከፍሉት ባያንስ እንስማማለን።

ክረምት ላይ ይህን ትምህርት ለሚይዙ መምህራን አጭር ሥልጠና እንስጥ። ክፍልና የመምህራኑ ትራንስፖርት ከናንተ፣ ማስተማሩ ከኛ። ስለ ዘጌም እንደዚሁ፣ እንግዳ በሌለበት ቀን ልጆቹ በጀልባ እንዲሄዱ ከጀልባ ማኅበራቱና ከገዳማቱ ጋር አነጋግሩልን። ሴቶች የሚገቡባቸው ገዳማት ይመረጡ፤ ከልጆቻችን ግማሾቹ ሴቶች ናቸው።

በትምህርት ቤት አጥር ላይ ያለ የልጆች ሥዕል ያለ ትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይነካ መመሪያ ይውጣ። ያ የጠፋው አጥር መልሶ እንዲሳል ነጭ ቀለሙን ያስቀባው ክፍል ቀለሙን ይተካ። ሳይዘገይ ቢሆን ደስ ይለናል፤ እነዚያ ልጆች አሁን ሰባተኛ ክፍል ናቸው፣ ስምንተኛን ጨርሰው ከመሄዳቸው በፊት።

እስከዚያው ግን ያረጁ ባነሮቻችሁን አትጣሉ። ሳይታጠፉ፣ ተጠቅልለው ይቀመጡልን። መጥተን እንወስዳለን።

ከአክብሮት ጋር

የትምህርት ቤቶች የግድግዳ ሥዕል ሥራ አስተባባሪ ሠዓሊ
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ሥዕሉ ለተሠራባቸው ትምህርት ቤቶች ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት
ለርዕሳነ መምህራን
አጥሩ ለጠፋባቸው የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች